ባቡሩ ገብቷል፣ ከባድ መኪናው ደጅ ቆሟል፦ ስለ ዴቭ ደድሊ ለናሽቪል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር፣
ለካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ መራጮች፣
ናሽቪል፣ ቴነሲ

ጉዳዩ፦ ዘፋኙ ዴቭ ደድሊ በአንጋፋዎች ዘርፍ ወደ ዝና አዳራሹ እንዲገባ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ ሚኒሶታ ሴንት ፖል የምኖር ኢትዮጵያዊ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። መንገድ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። የምጎትተው ባለ 53 ጫማ ሪፈር፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች ነው። ከዊስኮንሲን አይብ፣ ከሚኒሶታ የተርኪ ሥጋ ጭኜ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ እወርዳለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ጭነት የሚያገናኘኝ ብሮከር ያገኘልኝን እጭናለሁ። ሙዚቃ አልተማርኩም። የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሥራዬ ስለተዘፈነው ነው።

የዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ በፖስታ ተልኮላችኋል። አማርኛውን በግልጽ ያወጣሁት በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በቴክሳስ፣ በኦሃዮ፣ በሲያትል መሪ ጨብጠው ለሚያድሩ ወገኖቼ ነው። አንብበው ከተስማሙበት እነሱም በየስማቸው እንዲጽፉላችሁ እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የካንትሪ ሙዚቃ ታላላቆችን በምታከብሩበት በዝና አዳራሻችሁ ዴቭ ደድሊን አስገቡት። ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል፤ እስከ 2025 ድረስ ይፋ ባደረጋችኋቸው ስሞች ውስጥ ግን የእሱ ስም የለም።

ስሙን ሰምተው ለማያውቁ ወገኖቼ ከሥሩ ልጀምር። የተወለደው ሜይ 3 ቀን 1928 ስፔንሰር በምትባል ትንሽ የዊስኮንሲን ከተማ ነው። ቤተሰቡ ያወጡለት ስም ዴቪድ ዳርዊን ፔድሩስካ ነበር። ያደገው ስቲቨንስ ፖይንት ነው፤ በአይ 39 አውራ ጎዳና የምትመላለሱ ከተማዋን ታውቋታላችሁ። ገና በልጅነቱ ጊታር የሰጡት አያቱ ናቸው፤ የልጁ ልብ ግን ቤዝቦል ላይ ነበር። ክንዱን ተጎድቶ ኳሱን ሲተው ነው በሬዲዮ ጣቢያ በኩል ወደ ዘፈን የገባው። ከዚያ በኋላ በየመሸታ ቤቱ ሲጫወት ዓመታት አለፉ። በ1960 መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የማታ ሥራውን ጨርሶ ጊታሩን መኪናው ውስጥ ሲጭን፣ አንድ አላፊ መኪና ገጨው። ወራት በሕክምና ተኛ። መሀል ሚኒያፖሊስ ጭነት ላወርድ በገባሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። መኪና ያንን ሁሉ ጊዜ አልጋ ላይ ያዋለው ሰው፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በአሜሪካ ያለ ሾፌር ሁሉ የራሴ የሚለውን ዘፈን ይዞ ተነሳ።

ዘፈኑ «ሲክስ ዴይስ ኦን ዘ ሮድ» ነው፤ ስድስት ቀን በመንገድ ማለት ነው። የጻፉት ኧርል ግሪንና ካርል ሞንትጎመሪ ይባላሉ፤ ሁለቱም ከአላባማ የወለል ንጣፍ እየጫኑ የሚነዱ ሾፌሮች ነበሩ። ከደድሊ በፊት ሌላ ዘፋኝ ቀርጾት ነበር፤ ብዙ ሰው ጆሮ አልደረሰም። ደድሊ በ1963 እዚሁ ከእኛ ከተማ አጠገብ፣ ሚኒያፖሊስ ኬይ ባንክ ስቱዲዮ ቀረጸው። ጎልደን ዊንግ የምትባል ትንሽ አሳታሚ አወጣችው። በቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ 2ኛ፣ በአጠቃላዩ የፖፕ ሰንጠረዥ 32ኛ ድረስ ወጣ። ታላቁ መርኩሪ ኩባንያ ያስፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። አስተውሉ፦ ናሽቪል አልሠራውም። ሁለት ሾፌሮች ጻፉት፣ አንድ የዊስኮንሲን ሰው ሚኒሶታ ውስጥ ዘፈነው፣ ከዚያ መንገዱ ራሱ ወደ ናሽቪል አመጣላችሁ።

ድምፁን በጽሑፍ መግለጽ ይከብደኛል። ጎርናና ነው፣ ወፍራም ነው፣ ግን አይጮኽም። ቃላቱን ይጎትታቸዋል፣ አንዳንዶቹንም ሳይጨርስ ይለቃቸዋል። ብዙ ሰዓት ብቻውን ዝም ብሎ የቆየ ሰው መጀመሪያ አፉን ሲከፍት እንደዚያ ነው የሚናገረው። ሌሊቱን ሙሉ ነድቼ ንጋት ላይ መጋዘን በር ላይ ለጥበቃው የጭነት ቁጥር ስነግረው የራሴ ድምፅ እንደዚያ ይሆናል። ይህን ድምፅ በሥልጠና የሚያገኘው ሰው ያለ አይመስለኝም። ልቅሶም የለበትም። የእኛ ጆሮ ትዝታ የለመደ ስለሆነ ናፍቆት ሲዘፈን እንባ እንጠብቃለን፤ ደድሊ ግን የሚናፍቀውን ቤቱን እየሳቀ፣ እየፎከረ ነው የሚነግርህ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው የደስታ ዘፈን መስሎኝ ነበር። ሾፌር ከሆንኩ በኋላ ነው ከፉከራው በታች ያለው የገባኝ።

ታሪኩ አጭር ነው፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ሾፌሩ ፒትስበርግን ለቆ በምሥራቁ ጠረፍ ቁልቁል ይነዳል። ስድስት ቀን ከቤቱ ርቋል፣ ዛሬ ማታ ግን ይገባል። ጭነቱ ከተፈቀደው ትንሽ አልፏል፣ የመንዳት ሰዓቱን የሚጽፍበት ሎግ ቡክ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ወደፊት ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ቆመዋል። ሥራውን የማያውቅ ሰው እነዚህን ዝርዝሮች እንደ ጌጥ ይሰማቸዋል። ለእኛ የየቀኑ ጭንቀታችን ናቸው። ሚዛን ጣቢያ በቀረበ ቁጥር ሆድ የሚቆርጠው ለምን እንደሆነ፣ ከነመኪናው 80,000 ፓውንድ ማለትም 36 ቶን ግድም የሚመዝን ነገር ይዘህ በበረዶ ቁልቁለት መውረድ ምን እንደሆነ፣ ለማያውቀው በሦስት ደቂቃ አስረዳ ብትሉኝ አልችልም። እነሱ ችለውታል።

ዛሬ ሎግ ቡክ በእጅ አይጻፍም። ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ኢኤልዲ የሚባለው መሣሪያ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ደቂቃውን ይቆጥራል። በቀን መንዳት የምንችለው 11 ሰዓት ነው፤ እሱም ሥራ ከጀመርንበት ቅጽበት በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። በስምንት ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሠራን በኋላ መንዳት አይቻልም። ሕጉ ሕይወት ለማዳን የወጣ ነው፣ አልቃወመውም። ነገር ግን መጋዘን ደጃፍ ስድስት ሰዓት ሲያስቆሙህ የሚያልቀው ያንተ ሰዓት ነው። ልጄ አምስት ዓመት የሞላት ቀን እንደዚያ ሆንኩ። አንድ መጋዘን ከጠዋት ጀምሮ በር ሳይሰጠኝ ቆየ። ሲያራግፉልኝ መሽቶ ነበር። ሰዓቴ ያለቀው ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ከቤቴ 40 ማይል ርቀት ላይ ነው። 40 ማይል! መኪናው ነዳጅ አለው፣ እኔ አልደከመኝም፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ መሣሪያው ግን ቁም አለኝ፤ ቆምኩ። አሥር ሰዓት እዚያው አደርኩ። ልጅቷ ሻማዋን ስታጠፋ በስልክ አየሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የደድሊን ዘፈን ከፈትኩ። ዛሬ ማታ ቤቴ እገባለሁ እያለ የሚፎክረውን ሰው ደጋግሜ ሰማሁት። የቀናሁበትን ያህል በማንም ዘፋኝ ቀንቼ አላውቅም።

በዘፈኑ ውስጥ ሾፌሩ እንቅልፍ ለማባረር ነጫጭ ክኒን እንደሚውጥ ይናገራል። ይህን ጠቅሶ ዘፈኑን የሚነቅፍ ሰው ገጥሞኛል። እኔም ክኒኑን አልደግፍም፤ በዚያ ልማድ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰውም ገድሏል። ግን የዘፈኑ ጸሐፊዎች ከየትም አላመጡትም። በዘመናቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው የሚያደርጉትን ጻፉ። ሬዲዮ ላይ ስለ ፍቅርና ስለ ፈረስ ብቻ በሚዘፈንበት ዘመን አንድ ሰው ተነስቶ «እኛ ነቅተን የምናድረው እንዲህ ነው» ማለቱን እኔ እንደ ምስክርነት ነው የምወስደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት ናሽቪል ጭነት አውርጄ፣ የ70 ሰዓቱ ቆጠራ እስኪታደስ 34 ሰዓት መቆም ነበረብኝ። መኪናዬን ትራክ ስቶፕ በሚባለው የከባድ መኪና ማረፊያ አቁሜ ወደ አዳራሻችሁ መጣሁ። የነሐስ ሰሌዳዎቹ ያሉበት ክብ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው የሚወራው፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ። ጂሚ ሮጀርስን አገኘሁት። በ1961 መጀመሪያ ያስገባችኋቸው ሦስት ናቸው፦ እሱ፣ ሐንክ ዊሊያምስና ፍሬድ ሮዝ። ሮጀርስ ሚሲሲፒ ተወልዶ በባቡር ላይ የፍሬን ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ሳንባ ነቀርሳ ከባቡሩ አወረደው፤ ዘፈነ፤ በ35 ዓመቱ በ1933 ሞተ። ስለ ባቡር ስለዘፈነ፣ ባቡሩን ራሱ ስላወቀው፣ «ዘፋኙ የፍሬን ሠራተኛ» እያላችሁ እስከ ዛሬ ትጠሩታላችሁ። ተገቢ ነው። ቤታችሁን የከፈታችሁት በአንድ የትራንስፖርት ሠራተኛ ነው።

ከዚያ አገሪቱ ተለወጠች። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአውራ ጎዳናውን ሕግ ፈረሙ፤ 41,000 ማይል መንገድ ታቀደ። ባቡር ይሸከመው ከነበረው ጭነት ብዙው ወደ መኪና ተሻገረ። በሮጀርስ ዘመን በጭነት ባቡር ጣሪያ ላይ ይሄድ የነበረው ሰው፣ በደድሊ ዘመን ጋቢና ውስጥ ገባ። ሥራው ያው ነው፦ የሌላውን ሰው ዕቃ ይዞ ከቤት መራቅ። ብቸኝነቱም ያው ነው። ሮጀርስ የመጀመሪያውን ሰው ዘፈነው፣ ደድሊ ሁለተኛውን። የመጀመሪያው ሰሌዳ ተሰቅሎለታል። ሁለተኛውን ሰሌዳ በሰሌዳ እያነበብኩ ፈለግሁት፣ የለም። አንዲት ነጭ ጠጉር ያላቸው ጎብኚ ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝና ስሙን ነገርኳቸው። «ባለቤቴም ሾፌር ነበር» አሉኝ። ከዚያ አብረውኝ ይፈልጉ ጀመር።

እሱ ብቻም አይደለም የቀረው። ዘፋኙ ሬድ ሶቫይን የለም፤ በ1976 ስለ አንድ አካል ጉዳተኛ ልጅና በሲቢ፣ ማለትም በአጭር ርቀት መገናኛ ሬዲዮ ስለሚያናግሩት ሾፌሮች በንግግር መልክ ያወጣው ዘፈን 1ኛ ወጥቶ ነበር። ሰውየው በ1980 የሞተው እዚያው ናሽቪል መሪ እንደያዘ ልቡ ቆሞ ነው። የሜይን ግዛቱ ዘፋኝ ዲክ ከርለስም የለም። እሱም አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የሚሸፍን፣ ድምፁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚደወል ደወል የሚመስል ሰው ነበር። በ1965 የዘፈነው በሰሜን ሜይን ሄንስቪል ጫካ ስለሚያልፈው 2ኤ መንገድ ነው፤ ድንች ጭነው ወደ ቦስተን የሚወርዱ ሾፌሮች በበረዶው የቀሩበት መንገድ። ከርለስ በኮሪያ ጦርነት ዘመን ወታደር ሆኖ እዚያው ኮሪያ ለጦሩ ሬዲዮ ይዘፍን ነበር፤ የእኛ የቃኘው ሻለቃ ልጆችም ያኔ እዚያው አገር ነበሩ። ሁለቱም ይገባቸዋል። ስለ ሁለቱ ግን ሌላ ጊዜ፣ ምናልባትም ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ። ደድሊን ያስቀደምኩት በሩን በርግዶ የከፈተው የእሱ ዘፈን ስለሆነ ነው። ከ1963 በኋላ የሾፌር ዘፈን ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነ፤ ከዚያ በፊት አልፎ አልፎ የሚሰማ ነገር ነበር።

ምን እንደሚባል አውቃለሁ። «አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለው» ይባላል። እውነት አይደለም። በ1965 ሌላ የሾፌር ዘፈን 3ኛ ድረስ አድርሷል። በ1970 ደግሞ ስለ ፑል ተጫዋች በዘፈነው ብቸኛውን 1ኛ ደረጃውን አገኘ። እሱን የጻፈለት ቶም ቲ. ሆል ነው። ቶም ቲ. ሆልን በ2008 አስገብታችሁታል፣ ደስ ብሎኛል፣ ከእናንተ ታላላቅ ጸሐፊዎች አንዱ ነው። ግን ሆል ገና ስሙ ባልታወቀበት ጊዜ ዘፈኑን ተቀብለው ለሕዝብ ካደረሱት መካከል አንዱ ማን ነበር? ደድሊ ነበር። ቃሉ ገብቶ ድምፁ ደጅ መቅረቱ አይከብዳችሁም?

«የሾፌር ዘፈን ቀልድ ነው፣ ለአንድ ሰሞን የመጣ ፋሽን ነው» የሚልም አለ። በሲቢው ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ፋሽን ሆኖ እንደነበር አልክድም። የደድሊ ግን ፋሽኑ ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው የመጣው፤ ፋሽኑ ካለፈ በኋላም ሌሎች እየተቀባበሉ ዘፍነውታል። በ1969 ፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስ የተባለው ባንድ የሮክ ሰዎች ፊት ተጫወተው፣ በ1997 ሶየር ብራውን የተባሉት ባንድ እንደገና ሰንጠረዥ ላይ አወጡት። የናሽቪል የቲምስተርስ ሾፌሮች ማኅበር ለደድሊ ከወርቅ የተሠራ የአባልነት መታወቂያ ሰጥቶታል። ሠራተኛው የራሱን ድምፅ ለይቶ አውቆታል ማለት ነው። ከሠራተኛው ይልቅ ይህን የሚመዝን ማን አለ?

ወገኖቼ ደግሞ ይጠይቁኝ ይሆናል። አንተ ምን አገባህ፣ ይህ የፈረንጅ ገበሬ ሙዚቃ ነው ሊሉኝ ይችላሉ። ካንትሪ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጂም ሪቭስን፣ ዶን ዊሊያምስን፣ ኬኒ ሮጀርስን አዲስ አበባ ውስጥ በካሴት ያልሰማ ስንት ሰው አለ? ሦስቱም አዳራሻችሁ ውስጥ አሉ፤ ሰሌዳቸው ፊት ቆሜ የአጎቴ ፎቶ እንዳየሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ደድሊ ግን ወደ አገራችን አልደረሰም፤ ቢያንስ እኛ ቤት አልደረሰም። ቢደርስ ኖሮ የሚሰማው አባቴ ነበር።

አባቴ አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን ኤንትሬ ፊያት ይነዳ ነበር። ከአሰብ ተነስቶ በዶቢ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። የዶቢን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ሲመጣ ቅዳሜ ሌሊት ይመጣና እሑድ ሙሉ ቀን ይተኛል። እናታችን «ድምፅ አታሰሙ፣ አባባ ተኝቷል» ትለናለች። ሲነሳ ፊቱን ታጥቦ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ጎማውን ሊያይ ይወጣል። ስለ መንገዱ አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። ረዳቱ ትንሽ ያወራ ነበር፤ አባቴ ግን ዝም ነው። ልጅ ሆኜ ዝምታው ቁጣ ይመስለኝ ነበር፣ እፈራውም ነበር። አሜሪካ መጥቼ፣ ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥቼ፣ ከአንድ አሮጌ የዊስኮንሲን ሾፌር ጋር ስለማመድ እሱ ነው ደድሊን ያሰማኝ። ያ ጎርናና ድምፅ ስለ ማርሹ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ቤቱ ሲያወራ፣ አባቴ ያልነገረኝን ሁሉ እየነገረኝ መሰለኝ። አባቴ በዚያን ጊዜ አርፎ ነበር። ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ስለዚህ ያገባኛል እላለሁ። ዛሬ በዚህች አገር መንገድ ላይ የእኛ ሰው፣ ሶማሌው፣ ሕንዱ፣ ፖላንዳዊው፣ ሜክሲኮአዊው ይነዳል። ሌሊት ትራክ ስቶፕ ስትገቡ ስንት ቋንቋ እንደሚሰማ ብታዩ! የሾፌሩ ቀለምና ቋንቋ ተለውጧል፣ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ግን አልተለወጠም። ደድሊን ስታከብሩ ያለፈ ዘመን ሰው ብቻ አይደለም የምታከብሩት። ዛሬ ማታ ስንት ሰዓት እንደቀረው እያየ፣ ቤቱ ይገባ እንደሆነ የሚያሰላውን ሰው ጭምር ነው።

የምጠይቀው በዝርዝር ይህ ነው። በአንጋፋዎች ዘርፍ በሚቀጥለው ምርጫችሁ ስሙ በመራጮች ፊት ይቅረብ። መራጮቹ እነማን እንደሆኑ በምስጢር እንደምትይዙት፣ ሕዝብም ድምፅ እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የሚቀረኝ መንገድ በግልጽ መጻፍ ነው። መራጮቹ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማታ፣ መኪና ውስጥ ሆነው እንዲሰሙት እለምናለሁ። ቢሮ ውስጥ አይደለም። ከተማውን ለቀው፣ መብራት በሌለበት መንገድ ላይ። እሱን ለመጥራት ከተስማማችሁ ደግሞ፣ ሰሌዳው ላይ የግሪንና የሞንትጎመሪ ስም በአንድ መስመር ቢነሳ ሁለቱ ሾፌሮች አይረሱም።

ለወገኖቼ፦ ደድሊ ያረፈው ዲሴምበር 22 ቀን 2003 ዳንበሪ ዊስኮንሲን ነው፤ ከሚኒሶታ ድንበር ቅርብ ናት፣ መንገድ 35 በውስጧ ያልፋል። በዚያ የምታልፉ አንድ ጊዜ ጥሩምባ ንፉለት። ለመጻፍ የፈለገ በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ ይበቃል። ስማችሁን፣ የምትነዱትን፣ ስንት ዓመት እንደነዳችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛው ያስቸገራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴንት ፖል ስለምሆን አብረን እንጽፋለን።

እኔ የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ወደ ቴነሲ ጭነት አለኝ። ባለ 53 ጫማ ይዞ መሀል ናሽቪል መግባት ስለማይታሰብ መኪናውን ውጭ አቁሜ በታክሲ እመጣለሁ። የዚህን ደብዳቤ ሁለተኛ ቅጂ ከተሰበሰበው ፊርማ ጋር ለእንግዳ ተቀባዩ በእጄ እሰጣለሁ። ሰዓት ከተረፈኝ ጂሚ ሮጀርስ ያለበት ድረስ ገብቼ፣ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ አይቼ እወጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሴንት ፖል ከባድ መኪና ሾፌር